ቦልቴ አትበርም

ጥቅምት 4
ካፊያ። የልቦለዴን ምዕራፍ ስድስት ጨረስኩ። በልቦለዱ ጣሊያን በ1933 አልወጣም፤ ሃያ ዓመት አልፎም ሶዶ ላይ ተቀምጧል። እህል ባገኘበት ያቃጥላል። ጀግናዬ ቦልቴ ግን ልዩ ኃይል አላት... በአንድ ቀን አምስት መቶ እንሰት ነቅላ፣ ፍቃ፣ ቆጮውን ጉድጓድ ትቀብራለች። ወታደሩ ዱካ አያገኝም። ጉልበቷን በኒውተን አስልቼዋለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ፊዚክስ ያስተማረ ሰው ጀግናውን ያለ ስሌት አይለቅም።

ጥቅምት 9
ምዕራፉን ለጎረቤቴ ለንግሥቲ አነበብኩላት። ጓሮዋ ከሦስት ሴቶች ጋር እንሰት ትፍቅ ነበር። ሳቀች።
«ብቻዋን?»
«ኃይል አላታ።»
«ቲቸር፣ ብቻዋን የምትፍቅ እኮ ከመንደሩ ጋር የተጣላች ናት! ምን አድርጋቸው ነው?»
«ባል ቀምታ ይሆናል» አለች ከሦስቱ አንዷ፣ ፈጠነች የምትባለው። ተንከተከቱ።
ተናድጄ ገባሁ። ግን... በዕድሜዬ አንዲት ሴት ብቻዋን ስትፍቅ አይቻለሁ? አላየሁም። ስህተቱ የኔ ነው።

ጥቅምት 27
ከምዕራፍ አንድ እንደገና ጀመርኩ። አሁን አሥራ አንድ ሴቶች ናቸው። አንዷ ለብቻዋ ከማንም አትበልጥም። የአሥራ አንዱም እጅ አንድ ጉድጓድ ላይ ሲያርፍ ግን መሬቱ ራሱ ይገጥማል፤ ዱካ አይቀርም። አንዷ ከተያዘች ኃይሉ የለም። ስለዚህ አንዷንም አሳልፈው አይሰጡም። ለዚህ ቀመር የለኝም... ይቅር።

ኅዳር 12
መክብብ የላክሁለትን አዲሱን ምዕራፍ አንድ አንብቦ ደወለ። ተማሪዬ ነበር፤ ዛሬ አዲስ አበባ አሳታሚ ነው። ስድስት ዓመት የደከምኩበትን ለማሳተም የተስማማው እሱ ብቻ።
«ቲቸር፣ አሥራ አንድ ሰው ሽፋን ላይ አይገባም። ቦልቴ ብቻ ትሁን። ደግሞ ትብረር።»
«በምን ኃይል?»
«በቃ ትብረራ! ሱፐር ሂሮ አይደለች እንዴ?»
«አሥሩስ?»
«ይሙቱ። አንባቢ ማልቀስ ይወዳል።»
እስከ ኅዳር 30 አስተካክዬ ካልላክሁ በሌላ መጽሐፍ ይተካኛል።

ኅዳር 20
ሞከርኩ። አሥሩን በአንድ ገጽ ገደልኳቸው። ቦልቴ በረረች... ከዚያስ? ታች ያለው ሁሉ ሞቷል። ለማን ብላ ትወርዳለች? ገጹን ቀደድኩት።

ኅዳር 21
ምንም አልጻፍኩም።

ኅዳር 30
ዛሬ ንግሥቲ ጓሮ ሥራ አለ። ወንበሬን ይዤ ሄድኩ፤ እነሱ ይፍቃሉ፣ እኔ አነባለሁ። መሃል ላይ መክብብ ደወለ። ሁሉም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረግሁት።
«ቲቸር፣ የመጨረሻ ቃልዎ?»
«አትበርም። አንዷም አትሞትም።»
«እንግዲያው አላሳትምም። አይቀየሙኝ።»
«አታሳትም።»
ንግሥቲ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ልጄ፣ መብረር ያማረህ አንተ በርረህ ና! እኛ እዚሁ ነን» አለች።
በሳቁ መሃል ስልኩ ተዘጋ። ስድስት ዓመት...
«እሺ፣ ከዚያስ?» አለችኝ ፈጠነች።
ምዕራፍ አሥርን ገለጥኩ። ጣሊያኑ ጎተራውን ሁሉ አቃጥሎ፣ ኮረብታው ላይ ቆሞ መንደርተኞቹ በረሃብ እጃቸውን እስኪሰጡ ይጠብቃል። መንደሩ ለምሳ ቆጮውን እየበላ ነው።