ዝም ያለው ሻንሲ

ጥቅምት 4

የሰው የግቢ በር ስበይድ ዋልኩ። ማጠፊያው አልገጥም ብሎ አንገበገበኝ። ከሰዓት በኋላ ባሌ በፈረስ የሚጎተተውን ማጨጃ ከመጋዘን ጎትቶ ግቢው መሃል አቆመው። ከአምና ወዲህ ፀሐይ አላየም፣ አቧራ ብቻ። በጨርቅ ጠረገው፣ ምላጮቹን አየ፣ መንኮራኩሩን በእግሩ መታ መታ አደረገና «ደህና ነው» አለ።

ለእሱ ምን ደህና ያልሆነ ነገር አለ? ጣቱ በር ላይ ተቀርቅሮ «ደህና ነኝ» የሚል ሰው።

እኔ ጎንበስ አልኩ። ከመቀመጫው ሥር፣ በግራ በኩል፣ አምና የበየድኩት ማዕዘን ላይ ፀጉር የምታህል መስመር አለች። ቀለም ነው ብዬ በሊማ ፋቅ ፋቅ አደረግኩት። ቀለም አይደለም። ሻንሲው፣ ሁሉን የተሸከመው የብረት አጽም፣ ራሱ ተሰንጥቋል።

እንደገና? እዛው ቦታ?

ጥቅምት 5

አምና ባሌ ሲያጭድ ነበር። ፈረሶቹ ቦይ ሲሻገሩ ይሄው ማዕዘን ለቀቀና መቀመጫው ከነሰውዬው ተገለበጠ። ወደ ኋላ ወደቀ፣ ነዶ ላይ። ተነስቶ ልብሱን አራገፈና ሳቀ። የመንደሩ ሰውም አብሮ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ መሰለኝ።

መቀመጫው ግን ከምላጩ ጀርባ ነው ያለው። ወደ ፊት ቢሆንስ ኖሮ? ፈረሶቹ ደንግጠው ትንሽ ቢራመዱስ? ምላጩ መንኮራኩሩ እስከዞረ ድረስ ይቆርጣል፣ ገብስ ይሁን እግር አይለይም።

ዓመቱን ሙሉ ይሄን አስባለሁ። በር ስበይድ አስባለሁ፣ ሽንኩርት ስከትፍ አስባለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ሆድ ይፍጀው ብዬ።

ጥቅምት 8

ወፍራም ላሜራ ቆርጬ ማዕዘኑን ከላይም ከታችም ደረብኩበት። ብየዳዬ ቆንጆ ነው፣ ሌላው ቢቀር እሱን አውቃለሁ። አባቴ ቢያየው ዝም ይል ነበር። አባቴ ዝም ካለ ወደደው ማለት ነው።

ባሌ መጥቶ አየ። «ካዝና ሠራሽልኝ እንዴ?» አለ።

«ራስህን የምታስቀምጥበት ካዝና።»

ሳቀ። ቅባት ይዞ ዞረ፣ የሚንጫጫ ነገር ፍለጋ። ጩኸት አይወድም። በር ሲንጫጫ፣ ክዳን ሲንኳኳ፣ ውሻ ሲጮኽ... ቤታችን ውስጥ ያልተቀባ ማጠፊያ የለም። ሚስቱ ብቻ ናት ቅባት ያልያዘላት።

ጥቅምት 12

ሞከርነው። መቀመጫው ላይ አሸዋ የሞላ ጆንያ አስረን፣ እሱ ልጓም ይዞ በእግሩ እየሄደ፣ ባዶው መስክ ላይ ወዲያ ወዲህ። ፈረሶቹ ዳሚትና ቦራ ናቸው። ዳሚት ባዝራ ናት፣ ደንጋጣ፣ ቅጠል ሲወድቅ የምትዘል። ቦራ ደግሞ ተኝቶ የሚሄድ ይመስላል።

ስንመለስ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ማዕዘኑ ደህና። እሰይ ልል ስል... ላሜራው የሚያልቅበት ጫፍ ላይ፣ አዲስ መስመር።

ታዲያ ምን አተረፍኩ? ስንጥቁን ከአንድ ቤት አስወጥቼ ጎረቤት አስገባሁት።

ጥቅምት 13

መዶሻ ጠፋኝ። በእጄ ይዤው ነበር።

ጥቅምት 17

አንግል ብረት ጨመርኩ። ዙሪያውን። ከመቀመጫው ሥር እስከ መንኮራኩሩ ድረስ። አማቴ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሲያዩኝ ቆዩና፣

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ማጨጃ ነው ድልድይ?» አሉ።

«እንዳይሰበር ነው፣ እማዬ።»

«እሱስ አይሰበርም። ፈረሶቹ ናቸው የሚሰበሩት።»

እውነታቸውን ነው። ዳሚት ዛሬ ስትጎትት ወገቧ ሲለጠጥ አየሁ። እንኳን ሰብል ገብተው ባዶ መሬት ላይም ማላብ ጀመሩ። ማታ እራት ላይ፣ ዘንድሮ በማጭድ እንጨደው፣ ሰው እንለምን አልኩ።

«ይሄን ሁሉ መሬት? ዝናብ ቢቀድመንስ?»

«ቢቀድመን ይቅደመን።»

«አንቺ ሴትዮ ምን ነካሽ?» አለ። ድምፁን ሳያነሳ። ድምፁን አያነሳም እኮ፣ እሱ ነው የሚያናድደኝ። ተነስቼ ሳህኑን አነሳሁ፣ ገና እየበላ ነበር። አማቴ «ተዋት፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አሉት። የሚመክሩት ልጃቸውን ነው፣ የሚመቱት እኔን።

ጥቅምት 18

አዲስ መስመር። በቀኝ በኩል።

ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው ነገሩ።

ጥቅምት 21

መቀመጥ አልቻልኩም። ብቀመጥ እግሬ ብቻውን ይንቀሳቀሳል። የማይሆን ነገር መሞከር አማረኝ... እርጥብ ጭቃ አቡክቼ በሻንሲው መጋጠሚያ ሁሉ ላይ ለጠፍኩ፣ ከፊት እስከ ኋላ። እስኪደርቅ ጠበቅኩ። የደረቀ ጭቃ ውሸት አያውቅም፣ ከሥሩ ያለው ብረት ካልረጋ ይረግፋል።

ባሌ «አሁን ደግሞ ልትለስኚው ነው?» አለ።

ፈረሶቹን ከነማጨጃው ቦዩን አሻገርናቸው። ቦራ ዝቅ ሲል ዳሚት ከፍ አለች፣ ማጨጃው አብሮ ተጠመዘዘ። አንድ ላይ። እርጥብ ልብስ ሲጨምቁት እንደሚጠመዘዘው። ከኋላ እየሮጥኩ ነበርና በዓይኔ አየሁት።

ከዛ ጭቃውን ዞሬ አየሁ። ከመቀመጫው ሥር ረግፏል። ከመንኮራኩሩ አጠገብ ረግፏል። ከፊት፣ የመጎተቻው እንጨት ከሻንሲው ጋር የሚገናኝበት ወፍራም ብሎን ላይ ግን... እንደለጠፍኩት ነው። የጣቴ አሻራ እንኳ አለበት።

እንዴ። እዛ ጋ እኮ ነው መንቀሳቀስ ያለበት። ፊቱ ከፈረሶቹ ጋር እንዲዞር፣ ኋላው እንዲረጋ ተብሎ በአንድ ብሎን የተንጠለጠለ ነው። መንቀሳቀስ ያለበት ቆሟል፣ መቆም ያለበት ይንቀሳቀሳል።

ምንድን ነው የያዘው? ዝገት?

ጥቅምት 22

ዝገት አይደለም።

ጭቃውን አነሳሁ፣ ቀለሙን ፋቅኩ። ከቀለሙ ሥር ስቱኮ። ከስቱኮው ሥር እንጨት። በብሎኑ ግራና ቀኝ ባለው ክፍተት ሽብልቅ ተሰክቷል፣ በመዶሻ ጥርቅም ተደርጎ፣ አንዱ ባንዱ ላይ። አናጢ የሠራው ይመስላል፣ እንዴት እንደተስተካከለ። አንዱን በመሮ አውጥቼ በእጄ ይዤ ቤት ገባሁ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

አየው።

«እኮ ምንድን ነው?»

«ሽብልቅ።»

«ሽብልቅ መሆኑንማ አያለሁ። ማን ከተተው?»

«እኔ... ይንኳኳል እኮ። በተራመዱ ቁጥር ቋ ቋ ይላል። ዳሚት ጆሮዋን ትጥላለች፣ ልትፈረጥጥብኝ ትደርሳለች። ዝም እንዲል ብዬ ነው።»

«መቼ?»

«በየዓመቱ። ሲላላ እጨምርበትና በስቱኮ ደፍኜ ቀለም እቀባዋለሁ።»

ደሜ ፈላ። እኔ ከኋላ ብረት ስጨምር እሱ ከፊት እንጨት ይጨምራል። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይላሉ... ብዙ ነገር ተናገርኩ። ሁሉንም እዚህ አልጽፈውም። ሊገድልህ እኮ ነው አልኩት። ዓመቱን ሙሉ ሞተህ ነው የማይህ፣ ሽንኩርት ስከትፍ ሞተህ ነው የማይህ አልኩት። የዓመቱን ሁሉ ባንዴ አፈሰስኩት።

እሱ ሽብልቁን ከእጄ ወስዶ ያገላብጠዋል።

«እኔም እፈራለሁ» አለ።

«ምን?»

«አምና ከወደቅኩ ወዲያ በግማሽ ጎኔ ነው የምቀመጠው። አንድ እግሬን አንጠልጥዬ። ብረቱ ጧ ካለ ለመዝለል። እስከ አጨዳው መጨረሻ እንደዛ ነው የነዳሁት። ዳሌዬ እስካሁን ያመኛል።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺ ነሽ የበየድሽው። ሥራዋን አላመነም እንዳትዪ ብዬ።»

ቁጭ አልኩ። ስንት ቀን ቁጭ ማለት አልቻልኩም ነበር። አማቴ ከበረንዳ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። ገብተው ልጃቸውን ትከሻው ላይ መታ አደረጉት፣ ቀስ ብለው አይደለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አሉት። ዝንቧን ረሷት።

ጥቅምት 25

የጨመርኩትን አንግል ብረት በሙሉ ቆርጬ ጣልኩ። ግራይንደሩ ሲጮኽ ባሌ ጆሮውን ይዞ አጠገቤ ቆመ፣ አልሄደም። ወፍራሙን ላሜራም ገፍፌ በቀጭን ተካሁት። ጫፉን እንደ ምላስ አሹዬ ነው አሁን የቆረጥኩት፣ ብረቱ ባንዴ ከወፍራም ወደ ቀጭን እንዳይወርድ። ባንዴ የሚወርድበት ቦታ ነበር የሚሰነጠቀው። ለምን ቀድሞ አልታየኝም? ዓይኔ ስንጥቁ ላይ ተተክሎ።

ከመቀመጫው ሥር አንድ ሰያፍ ድጋፍ። በቃ። ሌላ የለም።

ጥቅምት 29

ብሎኑ ተበልቷል። ወፍራም አስቀረጽኩ፣ በዙሪያው ቦኮላ የሚባለውን ቀለበት አስገባሁ፣ ብረት ብረትን እንዳይበላ። ሽብልቆቹን ሁሉ አወጣሁ። አማቴ ለምድጃ ወሰዷቸው።

አሁን ፊቱን በእጅ ሲገፉት ይዞራል፣ ኋላው ንቅንቅ አይልም። ግን ይንኳኳል። ቦኮላው ቢቀንሰውም አላጠፋውም። ለመዞር ቦታ ያስፈልገዋል፣ ቦታ ካለ ድምፅ አለ። ምንም ላደርገው አልችልም።

«ዳሚትስ?» አለ።

«ዳሚት ትልመድ። አንተም ልመድ።»

ኅዳር 3

ዛሬ የሆነውን ሳልጽፍ አልተኛም። ባሌ፣ ያ ክዳን ሲንኳኳ ግንባሩን የሚቋጥረው ሰውዬ፣ ባዶ ቆርቆሮ በዱላ እየመታ ከዳሚት ጎን በመንገዱ ላይ ሲሄድ ዋለ። ቋ ቋ ቋ። ፊቱ ኮሶ እንደጠጣ ሰው። ዳሚት መጀመሪያ ዘለለች፣ አጥር ጣሰች። ከዛ ራቅ ብላ ቆማ አየችው። ከዛ ሰለቻት።

የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ «አዋጅ ነው?» ብሎ ጠየቀው። «አዎ፣ ስማ ተብለሃል» አለው። ሰው ፊት ሲቀልድ ስሰማው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው...

ኅዳር 11

ዳሚት ቆርቆሮው እየተመታ ሣር ትግጣለች። እሱ ራሱ ምት ይዟል፣ ሳያውቀው በዜማ ነው የሚመታው። አልነገርኩትም፣ ብነግረው ያቆማል።

ኅዳር 16

ዛሬ ሰው ይቀመጥበት ተባለ። እሱ ሊወጣ ሲል መቀመጫውን ያዝኩ።

«እኔ ነኝ የምወጣው።»

«አንቺ መች ነድተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። ብሎኑን ግን አውቀዋለሁ።»

አማቴ «ሴት ልጅ ማጨጃ ላይ አይቼ አላውቅም» አሉ። «እኔም አላየሁም፣ እማዬ። ዛሬ አብረን እናያለን» አልኳቸው። ፊታቸውን አዞሩ፣ ግን አልገቡም።

ወጣሁ። ምላጩ በሁለት እግሮቼ መሃል ፊት ለፊት ይታያል። ጥርሱ ሁሉ። ከታች ሲያዩት እንደዚህ አይደለም። ይሄን እያየ ነው ለካ... በግማሽ ጎኑ ተቀምጦ፣ «ደህና ነው» እያለኝ።

ልጓሙን ሳብኩ። «አትጎትቺ፣ ፈረስ ነው እንጂ ብረት አይደለም የያዝሽው» አለ ከጎኔ እየተራመደ። ቦዩ ጋ ስንደርስ ዓይኔን ልጨፍን ነበር። ቦራ ወረደ። ከፊቴ ቋ አለ፣ መጎተቻው ከፈረሶቹ ጋር ዞረ። ከሥሬ ያለው ግን እንደ ወለል ረግቶ ቀረ። ዳሚት አንድ ጆሮዋን ብቻ አዞረች።

እሱ ቆመ። እኔ ማቆም ስለማላውቅ ሄድኩ። ከኋላዬ እየሮጠ «ሳቢው፣ ሳቢው» ይላል፣ «አትጎትቺ ብለኸኝ አልነበረም?» እላለሁ። አማቴ ሳቁ። ደርሶ ሲያቆምልኝ ወርጄ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ምንም መስመር የለም። እሱም ጎንበስ ብሎ አየ፣ በጣቱ ዳሰሰ።

«አምንሻለሁ» አለ። እንደዛ ብቻ። ወደ ሻንሲው እያየ ነው ያለው።

ኅዳር 28

አጨዳ ተጀመረ። እጄ ሥራ አይዝም። ከብየዳ ቤቴ ሆኜ ማጨጃው ይሰማኛል፣ ቋ... ቋ... ዞሮ ሲርቅ፣ ዞሮ ሲቀርብ። ሲንኳኳ ሰላም ነው። ሲቆም ነው ጉዱ። ዛሬ አንዴ ቆመና ጭምብሌን ጥዬ እስከ ማሳው ሮጥኩ። ምላጩ ላይ የተጠመጠመ አገዳ ሲያወጣ አገኘሁት። ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። አይቶኛል።

ታኅሣሥ 5

የላይኛው መሬት አለቀ፣ የታችኛው ቀረ። ጠዋት ማጨጃው ላይ ሲወጣ አየሁት። ሙሉ በሙሉ ተቀመጠ። ሁለቱንም እግሩን ከፊት ዘርግቶ፣ ጀርባውን አደላድሎ።

ረፋድ ላይ በር እየበየድኩ የማጨጃው ድምፅ ቆመ። ብረቱን ጣልኩ። ደጃፍ ሳልደርስ ከማሳው ጩኸት መጣ፣ የእሱ ድምፅ፣ እንደዛ ጮኾ ሰምቼው አላውቅም፦

«ውሃ ልጠጣ ነው!»

ነዶ የሚያስሩት ሰዎች ቀና አሉ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ቆመ። «ዳሚት ሽንቷን ነው!» አሁን ሰው ሁሉ ሳቀ። አንዱ «ሚስትህ አለቃ ናት እንዴ፣ ሁሉን የምታሳውቃት?» አለው። «አዎ፣ ከሩቅ ነው የምትሰማው፣ ጮክ ማለት አለብኝ» አለ። አማቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ውስጥ ገቡ።

ከዛ በኋላ በቆመ ቁጥር ጮኸ። ገመድ ልፈታ ነው። ድንጋይ አገኘሁ። ፀሐዩ ከረረ። አንዴማ ምንም ሳይሆን ቆሞ «ምንም አልሆንኩም!» አለ።

ጭምብሌን አደረግኩ። መበየድ አልቻልኩም፣ እንባዬ መስታወቱን አጨለመብኝ። ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ቋ አለ፣ ከዛ ቋ ቋ። በሩን ጨረስኩት።