ስምንተኛው ትእዛዝ

ረቡዕ፣ ኅዳር ፱ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.፣ አስመራ

ዛሬ ጠዋት ለሦስተኛ ክፍል ልጆቼ «በሐሰት አትመስክር» የሚለውን አስተማርኩ። እንደ ልማዴ በአማርኛ አስነበብኳቸውና በሩን ዘግቼ በትግርኛ አስረዳኋቸው። በትግርኛ ማስተማር የተከለከለ ነው፤ ግን ካልገባቸው ምን ዋጋ አለው? ከዚያ፣ «ዛሬ ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ ከጠየቃችሁ፣ መምህራችን በአማርኛ ብቻ ነው የሚያስተምረን በሉ» አልኳቸው። ትእዛዙን ከሰሌዳው ላይ ገና ሳላጠፋ!

ሰውየው ከእረፍት በኋላ መጣ። ከክፍሉ ሁሉ ለተብርሃንን አስነሣ፤ የሓዝሓዝ ሰፈሯን፣ እርሳስ ወድቆ ብታገኝ ባለቤቱን ሳትፈልግ የማትቀመጠውን ልጅ። «በአማርኛ ብቻ ነው፣ ጌታዬ» አለችው፣ ዐይኗን ከእኔ ሳትነቅል። ተቆጣጣሪው አመስግኖ እጄን ጨበጠኝ።

ልጆቹ ሲበተኑ እሷ ቀረች። ቅዳሜ ለቄሱ የመጀመሪያ ኑዛዜያቸውን ይናዘዛሉ።

«መምህር» አለችኝ በትግርኛ፣ በሩ ክፍት መሆኑን አይታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ይሄን ለአባ እኔ ልንገራቸው ወይስ እርስዎ ይነግሯቸዋል?»

«ሂጂ፣ እናትሽ ትጠብቅሻለች» አልኳት።

«ሕራይ» ብላ በእሺታ ወጣች። ስትወጣም በሩን ዘጋችልኝ።