ጳጉሜን ያልቆጠርኩበት የሠላሳ ቀን ሙከራ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለሀያት ኢብራሂም፣
ዱባይ

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ለጤናሽ እንዴት ሰነበትሽ? ያ ሙቀት ቀነሰልሽ ወይ? ወገብሽንስ ተሻለሽ? አሠሪዎችሽ ዓርብ ዓርብ ያሳርፉሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ አንቺ ከመካከላችን ከመጉደልሽ በቀር ሁላችንም ደህና ነን፤ ክረምቱም በሰላም ወጥቶልናል። ስልክ እያለ ወረቀት ምን አስፈለገ እንዳትዪ፤ እማዬ የስልክ ወሬ ከጆሮ ያልፋል፣ ወረቀት ግን ተመልሶ ይነበባል ብላ አስገድዳኝ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ሰልማ ወደዚያ ስለምትመጣ በእሷ እጅ ልኬልሻለሁ።

አሁን የራሴን ጉድ ላውራሽ። በምሠራበት የውኃ ቢሮ ጋሽ ጓንጉል የሚባሉ የፓምፕ ጥገና ባለሙያ አሉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየገጠሩ እየዞሩ የእያንዳንዱን የእጅ ፓምፕ ውኃ በባልዲ እየለኩ ጽፈዋል፤ አሥራ አራት ደብተር ሞልቷል። በታኅሣሥ ጡረታ ይወጣሉ። ዘንድሮ ለአንድ ቀበሌ ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፈራል ተባለና የትኛው እንደሚሆን ለመወሰን ስብሰባ ለመስከረም ዐሥር ተቀጠረ። እንዲህ ያለ ነገር መቼም ለጮኸ ነው የሚሰጠው። ጋሽ ጓንጉል ደግሞ ሲናገሩ አጠገባቸው የተቀመጠ እንኳ በግድ ነው የሚሰማቸው። እኔም ደብተሩ ይናገርላቸው ብዬ ተነሣሁ።

ክላውድ የሚሉት ነገር አለ። አንድ የውጭ ኩባንያ መረጃሽን ተቀብሎ በራሱ ኮምፒውተሮች ያስቀምጥልሻል፣ ያሰላልሻል፣ በሥዕልም ያሳይሻል። የመጀመሪያው ሠላሳ ቀን የነጻ ሙከራ ነው። የቢሮውን ኢሜይል የይለፍ ቃል የሚያውቀው ሰው ተዛውሮ ስለሄደ ነሐሴ ዐሥር ቀን በራሴ ኢሜይል ከፈትኩት። ነሐሴ ዐሥር ከተጀመረ መስከረም ዐሥር ያልቃል፣ ለስብሰባው ይደርሳል ብዬ በብልጠቴ ተደሰትኩ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ጓንጉል ያነባሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቁጥሩን ይደግሙልኛል። ደብተሮቹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲያነቧቸው ለራሳቸውም የመጀመሪያቸው ነበር። አንዳንዴ ቆም ይሉና ለካ ይህም ዓመት እንዲሁ ነበር ይላሉ። ለአዲስ ዓመት ዋዜማ ደብተሩ ሁሉ ተጽፎ አለቀ።

መስከረም ዘጠኝ ጠዋት ሥዕሉን ላሰማምር ብዬ ብከፍተው የሙከራ ጊዜዎ አብቅቷል አለኝ። ደመወዝ የማይከፈልባትን ጳጉሜን ማን ይቆጥራታል? ከወር ወር ስዘል አምስቱን ቀን ረስቻቸው፣ ሙከራው መስከረም አምስት ተዘግቷል። አንቺ በፈረንጅ ወር ስለምትቆጥሪ አትሳሳቺም ነበር። የጻፍነው በፍላሽ አለኝ፣ እንደገና ልሥራው ብል መብራት ሄዶ እስከ ማታ አልመጣም። ለጋሽ ጓንጉል ስነግራቸው ከሰው ስህተት፣ ከብረት ዝገት አይጠፋም ብለው ትከሻዬን ነካ አድርገውኝ ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በስብሰባው ላይ ኃላፊያችን ወይዘሮ ደሳለች ሥዕሉ የታለ ሲሉኝ ጥፋቴን ተናገርኩ፤ ሰውም ሳቀብኝ። ያን ጊዜ ጋሽ ጓንጉል ባዶ እጃቸውን ተነሡ። የትኛው ፓምፕ በየትኛው ዓመት፣ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር እንደደረቀ አንድ በአንድ ይናገሩ ጀመር። ለካ ለእኔ ሲያነቡልኝ እሳቸውም በልባቸው እየያዙት ኖሯል። በዚያ ቀጭን ድምፃቸው ሲጨርሱ እንዲህ አሉ፦

«የአሞራ ገደል ፓምፕ በየዓመቱ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይደርቃል። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ደርቋል ብዬ ጽፌ ለቢሮ አስገብቻለሁ። ያንብቡልኝ ያለኝ ግን ይኸ ልጅ ነው።»

ጉድጓዱ ለአሞራ ገደል ተወሰነ። ምን እደብቅሻለሁ እህቴ፣ እንባዬ መጣ።

በማግስቱ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመው ለእኔም የራሴን ኢሜይል ክፈትልኝ አሉኝ። ጡረታ ስወጣ ደብተሮቼ ግምጃ ቤት ገብተው አይጥ ይበላቸዋል ብለው ይሰጉ ነበር። ሙከራውን በስማቸው ከፈትን፤ ሲያልቅ ቢሮው እንዲረከበው ወይዘሮ ደሳለች ተስማምተዋል። ሠላሳውን ቀን ግን የፈረንጅ ካላንደር ሰቅለው ራሳቸው እየሰረዙ ይቆጥራሉ፤ እኔን አያምኑኝም።

አባባ ከሱቁ ሆኖ ይመርቅሻል፣ ጉልበቱም ደህና ነው። እማዬ ዓይንሽን እስካይ ዕድሜ ይስጠኝ ትላለች። ታናሻችን ኸድር አሥረኛ ክፍል ገብቶ ቁመቱ በልጦኛል፤ ሰላም በልልኝ ብሎሻል።

ጋሽ ጓንጉልም ሳያዩሽ ሰላም ብለውሻል። የኢሜይል አድራሻቸውን ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሻለሁ። እስካሁን የደረሳቸው አንድ መልእክት ብቻ ነው፤ ኩባንያው እንኳን ደህና መጡ ያላቸው። ኮምፒውተሩ ለሁሉም ሰው የሚልከው ነው ብላቸውም አሳትመው በደረት ኪሳቸው ይዘውት ይዞራሉ። ለሥራዬ የተጻፈልኝ የመጀመሪያው መልስ ነው ይላሉ። ሁለተኛውን አንቺ ጻፊላቸው።

ወንድምሽ አሚን ኢብራሂም
ደብረ ታቦር፣ መስከረም 14 ቀን 2015 ዓ.ም.