በሁለት መርፌ መካከል

ውድ ቢኒያም፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እናትህ በሕይወት አለች፤ አልታመመችም፤ አትደንግጥ። ሰው አገር ያለ ሰው ደብዳቤ ሲደርሰው መጀመሪያ ልቡ ወዴት እንደሚሄድ ስለማውቅ ነው። አሁን ግን ቁጭ በል። አማርኛ ማንበብ እንደሚያንገዳግድህ አልረሳሁም፤ ቢሆንም ቀስ እያልክ ጨርሰው። በዐረብኛ ያልጻፍኩልህ በዐረብኛ እንደልቤ መናደድ ስለማልችል ነው።

"በስልክ ለምን አልነገርሽኝም?" እንዳትለኝ። በስልክማ ሞክሬሃለሁ፤ ምን ብለህ እንደመለስክልኝ ኋላ አስታውስሃለሁ። ደግሞም እናትህ እትዬ ሙላቷ ይህን ነገር ለአንተ ትንፍሽ እንዳልል በማርያም አስምላኛለች። ይኸው መሐላዬን እያፈረስኩ ነው፤ ኃጢአቱን ለሁለት እንካፈለዋለን።

ነገሩ ይህ ነው፤ እናትህ መርፌ መውጋት ትታለች። ያስተዋት ደግሞ አንተ የሠራኸው ዳታቤዝ ነው።

ከሥሩ ልጀምርልህ። አንተ እያለህ የአል-ሳሃፋውን የቤት ለቤት አስታማሚዎች ቢሮ ስልክ የምናነሣው እኔና አንተ ብቻ ነበርን። ሴቶቹ ከየታማሚው ቤት እየደወሉ "ወግቻለሁ" ሲሉን የታማሚውን ስም፣ የሠራተኛዋን ስምና የነገረችንን ሰዓት እንጽፋለን። ያንተ ፕሮግራም የፊተኛውን መርፌ ሰዓት ከኋለኛው ይቀንስና በመካከል ያለፈውን ጊዜ ያወጣል። ጊዜው ካጠረ ረድፉ ቀይ ይሆናል። ይህ ሁሉ አንድ ሰው ተደርቦ እንዳይወጋ ነበር። መልካም ሐሳብ ነበር፤ አልክድህም።

ሐበሾቹ በሐበሻ ሰዓት፣ ሱዳናውያኑ በዐረብ ሰዓት እየተናገሩ አሳርህን ያበሉህ እንደነበር አስታውሳለሁ። አንድ ቀን ታዲያ ጠረጴዛውን መታህና "አገኘሁት!" አልክ። ሠራተኛዋ ሐበሻ ከሆነች በነገረችን ሰዓት ላይ ስድስት ደምር፤ ሱዳናዊት ከሆነች እንዳለ ተወው። በቃ። የቢሮው ባለቤት ዶክቶራ ነዳ ደስ ብሏት ለሁላችንም የፉል ሳንድዊች ጋበዘችን። እኔ ግን "ቢኒ፣ ስልኩን ማን እንዳነሣ የሚይዝ አንድ ዓምድ ጨምርበት፤ ረድፉ የተጻፈበትንም ሰዓት ማሽኑ ራሱ ይመዝግብ" ብዬህ ነበር። አንተ ምን አልከኝ? "ኤዱ፣ አታወሳስቢው፤ እኛ የምንፈልገው የተወጋበትን ሰዓት ነው።" ሳንድዊችህን እያላመጥክ ነበር ይህን ያልከኝ።

የሳትከው ምን መሰለህ? የእናቶቻችን ሰዓት የሚለወጠው እንደ ተናጋሪዋ ሳይሆን እንደ ሰሚው ነው። ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ከእነሱ ጋር አንድ ሖሽ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ያደግክ ልጅ ይህን እንዴት ትስታለህ? እናትህ ለባለ ሦስት እግሩ ራክሻ ነጂ "ጠዋት ሰብዓ ላይ ና" ብላ በዐረብ ሰባት ትለውና ፊቷን እንኳ ሳታዞር ለእኔ "በአንድ ሰዓት እንወጣለን" ትለኛለች። ለሐበሻ በሐበሻ፣ ለዐረብ በዐረብ። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራቸውም፤ የካርቱም ኑሮ ያስለመዳቸው ነው። ያንተ ሕግ የሠራው ስልኩን የምናነሣው እኛ ሁለት ሐበሾች ስለነበርን ብቻ ነው። አንተ ሄድክ፤ በወንበርህ ላይ አዋድ ተቀመጠ።

አዋድ ሱዳናዊ ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው፤ በእሱ አልፈርድም። ሥራ በጀመረበት ቀን ጠዋት እኔ ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን ላሳድስ ሄጄ ስለነበር ስልኩን ብቻውን ያዘ። እትዬ ሙላቷ ሐጃ በኺታ የምትባለውን አሮጊት ከፉጡር፣ ከቁርሷ በፊት የስኳር መርፌዋን ወግታ ደወለች። ያነሣው ዐረብ ነውና "ቲስዓ" አለችው። በእነሱ ዘጠኝ፣ በእኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት ማለት ነው። አዋድ ዘጠኝ ብሎ ጻፈ። ፕሮግራምህ ደግሞ "ይህቺ ሐበሻ ናት፤ ዘጠኝ ያለችው የሐበሻ ዘጠኝ ነው" ብሎ ጠዋቱን ወስዶ ከሰዓት በኋላ አደረገው። ከሰዓት ሁለተኛውን መርፌ ወግታ ስትደውል ያነሣሁት እኔ ነበርኩ፤ "ኤዱዬ፣ አሥር ሰዓት" አለችኝ፤ አሥር ብዬ ጻፍኩ። እንግዲህ አስበው። ጠዋት ሦስት ሰዓትና ከሰዓት አሥር ሰዓት የተወጉት ሁለት መርፌዎች ለፕሮግራምህ ዘጠኝና አሥር ሆነው ታዩት። ሰባቱ ሰዓት አንድ ሰዓት ሆነ።

ይህም ባልከፋ። በዚያው ቀን ግን ሐጃ በኺታ ቤት እንግዳ መጥቶ ኖሮ ምሳው ዘገየ። እናትህ "አሁኑኑ ትብላ" ብላ አስጠንቅቃ ወደ ሌላ ታማሚ ሄዳለች፤ አሮጊቷ ወሬ ይዛ ሳትበላ ቆየች፤ ስኳሯ ወረደና ተዝለፍልፋ ወደቀች። ሆስፒታል ወሰዷት። ልጇ ሓዚም ከዚያ በቀጥታ ወደ እኛ መጣ። ዶክቶራ ነዳ ሠንጠረዡን ስትከፍት ረድፉ እንደ በርበሬ ቀልቶ ቁጭ ብሏል፤ በሁለቱ መርፌ መካከል ያለፈው ጊዜ አንድ ሰዓት!

"ወላሂ ይህቺን ሴት ለቡሊስ ነው የማስረክባት!" አለ ሓዚም። "እናቴን ሁለት ጊዜ ወግታ ልትገድልብኝ!"

አዋድን ጠየቅኩት። "በጠዋት አልደወለችም? አስታውስ እንጂ!"

"ያ ኤደን፣ ስንት ሐበሻ ነው የደወለው!" አለኝ ላቡ እየወረደ። "ድምፃቸው ሁሉ አንድ ነው። የነገሩኝን ጻፍኩ፣ ኸላስ።"

እትዬ ሙላቷ ተጠርታ መጣች። እኔ ቢሮውን በጩኸት ታፈርሰዋለች ብዬ ነበር። ቲማቲም ሻጭ የምታስለቅስ ሴት እኮ ናት! እሷ ግን ቀዩን ረድፍ አየችውና ወደ እኔ ዞራ "ይሄ ቢኒያም የሠራው ነው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ምን ልበላት? እንደገና አየችው።

"እንግዲያው ወግቼ ይሆናል" አለች።

"ምን?"

"ዕድሜ ነው፣ ኤዱዬ። ወግቼ ረስቼ ይሆናል። ልጄ ዓይኑን አጥፍቶ የሠራው ነገር ይዋሻል እንዴ?" ከዚያ ሓዚም እግር ሥር ልትወድቅ አጎነበሰች። "ማአሌሽ፣ ያ ወለዲ"፣ ይቅር በለኝ ልጄ እያለች። እኔ ብብቷን ይዤ ወደ ላይ እጎትታለሁ፣ እሷ ወደ ታች ትጎትተኛለች። እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም ቢኒያም። በሓዚም አይደለም የተናደድኩት። እሱ እናቱ ወድቃበታለች።

ያን ዕለት ነው ዋትሳፕ ላይ የጻፍኩልህ። እንዳልነግርህ ምዬ ስለነበር ስሟን ሳልጠራ "አንዲት ሠራተኛችን በጊዜ ስሌቱ ምክንያት ተከሳለች፤ ሕጉን ማየትም መለወጥም አልችልም፤ ፓስወርዱን ላክልኝ" አልኩህ። ከሁለት ቀን በኋላ መለስክ። ቃል በቃል ይኸው፦ "ስሌቱ ትክክል ነው። የተበላሸው የገባው ዳታ ነው። ሰዓት መናገር የማትችል ሠራተኛ ካለች አሰናብቷት።" ከሥሩ የሚስቅ ፊት። ፓስወርዱን አልላክም።

ያቺ ሠራተኛ እናትህ ናት። አሁን ሳቅ።

ከአንተ ተስፋ ስቆርጥ ራሴ ሠንጠረዡ ላይ ተደፋሁ። ሕጉን መንካት ባልችልም ረድፎቹን ማየት እችላለሁ። ረድፎቹ እንደገቡበት ተራ ቁጥር አላቸው፤ እሱን እንኳ ጥለህልን ሄደሃል። የእናትህን የጠዋት ረድፍ ፈለግኩት። ከላይዋ ያለችው ሱዳናዊት የደወለችው ጠዋት ነው፤ ከታችዋ ያለችውም ጠዋት ነው፤ እናትህ በመካከላቸው ተቀምጣ ከሰዓት በኋላ ናት! ወረድ ብዬ አየሁ። ያን ጠዋት ለአዋድ የደወሉት ሐበሾች በሙሉ ከሰዓት ተዛውረዋል። የሌሎቹ ታማሚዎች በቀን አንዴ ብቻ የሚወጉ ስለሆኑ የሚቀነስላቸው ሌላ መርፌ አልነበረም፤ ማንም ሳያያቸው አልፈዋል። ሁለት ጊዜ የምትወጋው ሐጃ በኺታ ብቻ ነበረች።

ለዶክቶራ ነዳ አሳየኋት። ብልህ ሴት ናት፤ ወዲያው ገባት። አዋድን ጠርታ "‘ቲስዓ’ ነው ያሉህ ወይስ ‘ዘጠኝ’?" አለችው። "እኔ ‘ዘጠኝ’ ምን እንደሆነ የት አውቄ!" አለ ምስኪን። ነገሩ በዚያው አለቀ። ሓዚም መጥቶ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሐጃ በኺታም ድና ወጥታ "ሙላቷን አምጡልኝ፣ የሌላ እጅ ያመኛል" እያለች ነው።

አለቀ ስልህ ለእነሱ ነው። እናትህ ዘንድ ግን ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ። ረድፎቹን ወረቀት ላይ አትሜ ቤት ድረስ ወሰድኩላት። ተራ ቁጥሩን በጣቴ እያሳየሁ፣ ጠዋቱን ከከሰዓቱ እየለየሁ አስረዳኋት። ጨርሳ ሰማችኝና "ታዲያ ቢኒያም ነው የተሳሳተው ልትይኝ ነው?" አለችኝ።

"አዎ፣ እትዬ። እሱ ነው።"

"ኤደን፣ ልጄ ላይ ምን ቂም አለሽ?"

ምን ቂም አለሽ! ለእሷ ያልመለስኩላትን ለአንተ ልመልስልህ፤ እወድሃለሁ። አንድ ጠረጴዛ ላይ ስንሠራም እወድህ ነበር፤ ስትሄድም አየር ማረፊያ ያልመጣሁት ሰው ፊት ላለማልቀስ ነው። ይህን የምጽፈው እንድትመልስልኝ አይደለም። መልስ ከአንተ መጠበቅ ምን እንደሚመስል አይቼዋለሁ። በጥላቻ የምከስህ እንዳይመስልህ ብዬ ነው።

በማግስቱ እትዬ ሙላቷ የመርፌ ቦርሳዋን ይዛ መጥታ ዶክቶራ ነዳ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። "አልታመንም" አለች። ከሚመጣው ወር ጀምሮ ካላክላ ሰፈር አንድ ምግብ ቤት ሳህን ልታጥብ ተስማምታለች። ስንት ሰው አድና፣ ስንቱን እንደ እናት አስታማ፣ ሳህን! እኔ ብለምናት፣ ነዳ ብትለምናት፣ ሐጃ በኺታ ራክሻ ልካ ብታስጠራት እምቢ አለች። የሁላችን ቃል ተደምሮ ያንተን ቀይ ረድፍ አያህልም።

ስለዚህ የምትደውለው አንተ ነህ። ስትደውል ደግሞ ስለ ሕጉ፣ ስለ ዓምዱ፣ ስለ ገባው ዳታ አንዲት ቃል እንዳታነሣ። አውቅሃለሁ፤ ማስረዳት ትጀምርና እሷም "ጎበዝ ልጄ" ብላ ትዘጋዋለች። "እማዬ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ አልተሳሳትሽም" በላት። ከዚህ አትጨምር፤ ከዚህም አትቀንስ። እምቢ ካለችህ ደግመህ በላት። ፓስወርዱን ከፈለግህ ከዚያ በኋላ ትልክልኛለህ፤ ባትልከውም ልዩነቱን በእጄ እየቀነስኩ እኖራለሁ።

ውላ አድራ ትረሳዋለች ብለህ እንዳትዘገይ። ትናንት ቁርስ እንደጨረስን የደም ግፊት ኪኒኗን ከማሸጊያው አወጣች። መዳፏ ላይ አድርጋ ስታየው ቆየችና "ኤዱዬ፣ ውጬዋለሁ እንዴ?" አለችኝ።

"እጅሽ ላይ እኮ ነው፣ እትዬ።"

"ይሄ ሁለተኛው እንዳይሆን" አለችና ሳትውጠው መልሳ አስቀመጠችው።

ደውልላት።

ኤደን
ከሐጅ ዩሱፍ