የጠቢቡ ሙሾ

ጎንደር፣ ቁስቋም
የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለታላቅ እህቴ ለፀደይ፣ ጅማ

እታለሜ፣ እንደምን ከረምሽ? እግዚአብሔር ያጽናሽ። እኛም እንግዲህ እንዳለን አለን። ኢንተርኔቱ ዝግ ነው፤ በስልክ እንዳልነግርሽ ደግሞ ቤቱ ለቅሶ ደራሽ አይለየውም። ስለዚህ ይህን ጽፌ ለጎረቤታችን ለማንያዘዋል እሰጠዋለሁ። ነገ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ይገባል፤ ከዚያ ይልክልሻል።

መንገዱ ተዘግቶ ለወንድማችን ቀብር መምጣት ሲያቅትሽ ደውለሽ «የአንዱዓለም ለቅሶ እንዴት ነበር?» አልሽኝ። «ሸጋ ነበር» ብዬ ስልኩን ለእማዬ ሰጠኋት። ሸጋ አልነበረም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ከቀብር ተመልሰን ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጥን አስለቃሿ እትዬ የትነበርሽ ወደ ጓሮ ጠሩኝ። ታውቂያቸው የለ፣ ሙሾ ከማውረዳቸው በፊት የሟቹን ሙያ ከቅርብ ሰው ይጠይቃሉ።

«በል ክንዱ፣ ምን ብዬ ላልቅስለት? ዲያቆን ነበር?»

«አይ።»

«ኳስ ይጫወታል?»

«ልቡን ያመው የለም እንዴ፤ አይሮጥም።»

«ታዲያ ምን ልበል? ምነው ልጄ፣ ወንድምህ አይደለም እንዴ? አንድ ሙያ ታጣለታለህ?»

ከልጅነታችን ጀምሮ አንድ አልጋ ላይ ተኝተን አንድ የምናገርለት ነገር አጣሁ። ከውስጥ እማዬ ስታለቅስ ይሰማል፤ እሳቸው ዓይን ዓይኔን ያያሉ። አፌ ላይ የመጣው በጨዋታችን የሚሆነው ጠቢብ ነው።

«ከሩቅ ሆኖ ብዙ ጠላት ይጥላል» አልኳቸው። «በጣቱ ሲጠቁም መብረቅ ይወርዳል። የተቆለፈ በር በቃል ይከፍታል።»

ቅኔ የነገርኳቸው ሳይመስላቸው አልቀረም። «አንተ! እንዲህ ያለ ልጅ ኖሯል!» ብለው ነጠላቸውን አጥብቀው ገቡ።

እታለሜ፣ እያንዳንዳችን አንድ ጀግና ሆነን ታሪኩን በአፍ የምንጫወተውን ያን ጨዋታ ከዩኒቨርሲቲ ያመጣሽልን አንቺ ነሽ። ባለ ሃያ ፊቱን ዕጣ መጣያ ዳይስ ይዘሽ የመጣሽ ክረምት አንዱዓለም ከጠቢብ ሌላ አልሆንም ማለቱን ታስታውሻለሽ። «ተው፣ ተዋጊ ሁን» አልሽው። «ጠቢብ የብረት ጥሩር አይለብስም፣ አንድ ዱላ አይችልም። የቀኑን ድግምት ከጨረሰ እስኪተኛ ድረስ ምንም አይሠራም። አፉን ከያዙትማ አለቀለት።» እሱ ሳቀብሽ። «እታለም፣ እኔ እኮ ድሮም አንድ ዱላ አልችልም። መብረቁ እንኳ ይትረፈኝ።» ድግምቱን ሲደግም ትንፋሽ እያጠረው መሀል ላይ ያርፍ ነበር፤ እኛም ዳይሱን ይዘን እንጠብቀዋለን።

እትዬ የትነበርሽ ያንን ሁሉ በሰው ፊት አወረዱት፦

«በጣቱ ጠቁሞ መብረቅ ያወረደው፣
ምነው የልቡን ሕመም ማብረድ የከበደው?»

ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። ወንዶቹ ግን እርስ በርስ ተያዩ። ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ «ምን ማለቷ ነው? ልጁ መተት ይማር ነበር እንዴ?» ሲሉ ሰማሁ። የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን ጨብጠው እማዬን ለረጅም ጊዜ አዩአት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር። አሁን ትምህርት ቤት ስሜ «የመብረቁ ወንድም» ሆኗል። ሰማይ ሲያጉረመርም «ክንዱ፣ ወንድምህን ተው በለው» ይሉኛል።

እሱንስ እችለዋለሁ። ያልቻልኩት እማዬን ነው። ያን ሙሾ ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት ስመለስ «እስቲ ያን መብረቅ የት ነው ያወረደው?» ትለኛለች። እኔም ሊማሊሞ ገደል ላይ ሽፍቶቹን እንዴት እንደበተነ እነግራታለሁ። እንደ እውነት ትሰማኛለች። ስዋሻት ፊቷን ማየት ስለማልችል ወለሉን እያየሁ ነው የማወራው።

ትናንትና በሰሜን በኩል ያለው መንገድ ተከፍቷል ተባለ። የፊታችን እሑድ አጎታችን አያ ጎሹ ከመካነ ብርሃን ሰዎች ይዞ ይመጣል፤ ለቅሶው እንደ አዲስ ይነሣል። እማዬ «የትነበርሽን ጥሩልኝ፣ ያንኑ ታውርድ» ብላለች። አያ ጎሹን ታውቂዋለሽ። «የወንድሜ ልጅ ጠንቋይ ነበር ወይ?» ብሎ በሰው መሀል ቢጮህ እማዬ የት ትገባለች? ስለዚህ ሳይመጡ ልነግራት ቆረጥኩ። ምስር ስትለቅም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ አንዱዓለም ምንም መብረቅ አላወረደም። ጨዋታ ነው።»

«አውቃለሁ» አለችኝ፣ እጇ ሳያቋርጥ። «ስንት ክረምት መጋረጃው ጀርባ ስትጮኹ እንቅልፍ ነስታችሁኝ የለም?»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ልጄ ሲወደስ አቁሙ ልበል?» አንድ ጠጠር ለቅማ ጥላ ጠየቀችኝ፤ «ብርታቱን ብቻ ነው የነገርካት። ድካሙስ ምን ነበር?»

«ብቻውን መሄድ አይችልም» አልኳት። «ቃሉን እስኪጨርስ ድረስ ጋሻ ይዞ ከፊቱ የሚቆም ሰው ይፈልጋል። ያለዚያ መጀመሪያ የደረሰበት ይጥለዋል።»

«ከፊት የምትቆመው አንተ ነበርክ?»

«አዎ።»

አሁን እጇ ቆመ። «እና ዛሬ ማን ቆመለት?»

መላእክት ማለት ነበረብኝ። ሰው እንዲያ ነው የሚለው። ተነሥቼ ወጣሁ፤ እሷን ከነምስሯ ትቼ። ይህንንም አፍሬበታለሁ።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እትዬ የትነበርሽ ቤት ሄድኩ። እውነቱን ስነግራቸው «ውይ! ሰው ፊት ጉድ ሠራኸኝ!» ብለው በመቋሚያቸው ሊሉኝ ነበር። ከዚያ ግን ቁጭ አሉና «እሺ፣ ለእሑድ ምን አለህ?» አሉ። ያን ጊዜ መጣልኝ። ተቀምጦ ይተኛ እንደነበር፣ ጋደም ሲል ስለሚታፈን። ወደ ቁስቋም ዳገቱን ስንወጣ የጃኬቴን ጫፍ ይዞ ከኋላዬ እንደሚሄድ፣ ሲደክመው ሳይናገር ሳብ እንደሚያደርገኝና እንደምቆምለት፣ ሰው እንዳያውቅበት ደግሞ ሁለታችንም ጎንደርን የምናይ እንደምንመስል ነገርኳቸው።

እትዬ የትነበርሽ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ይኸውልህ ሙያ» አሉ። «አንተንስ ምን ልበልህ? ከፊት የነበረውን?»

«ከኋላ ቀረ ይበሉ» አልኳቸው።

እታለሜ፣ ለእሑድ ባትደርሺም ልብሽ እዚህ እንዳለ እናውቃለን። በደንብ ብዪ፣ ትምህርትሽን አትተዪ። የቁስቋሟ እመቤት በምትሄጂበት ሁሉ ትቅደምልሽ።

ወንድምሽ ክንዱ