ስክሪኑ ላይ የምትስልልኝ መስመር

ሆሳዕና፣ ኅዳር

ውድ ወንድሜ ጋሼ አሞጽ፣

የጌታ ሰላም ከአንተና ከቤተሰብህ ጋር ይሁን። እኛ ደህና ነን። እማዬ ከጃጁራ መጥታ እኔ ጋ ናት፤ በዚያ ጉልበቷ ገበያ ካልሄድኩ እያለች ታስቸግረኛለች።

አሁን ወደ ንዴቴ ልግባ። ማክሰኞ ዕለት የሐሞት ከረጢት ሳወጣ፣ አንተ ሆድ ውስጥ ባስገባሁት ካሜራ ከአዲስ አበባ እያየህ የምቆርጥበትን ቦታ ስክሪኑ ላይ በቀይ ሳልክልኝ። ካሜራው ሲነቃነቅ መስመርህ ባለበት ቀርቶ ጉበቱ ላይ ተጋደመ። ደግነቱ እጄን አቁሜ ነበር። ካሜራው ከተነቃነቀ አጥፍተህ እንደገና ሳል ብዬ ስንቴ ልንገርህ?

እንደገና ስትስለው ደግሞ መስመሩ ተወላገደ። ሲስተር ጣቢታ «ኔትወርኩ ነው» አለች፤ እኔም ነው አልኩ። ግን ከሰዓት በኋላ ለሌላ ታካሚ ከሐዋሳ ሆኖ ስክሪኑ ላይ የገባው ዶክተር አሳምነው፣ በዚያው ኔትወርክ የሳለው በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ይኼ እንዴት አያናድድ? እስቲ ክርንህን ጠረጴዛው ላይ አስደግፍ። በጣትህ መሳሉ ካስቸገረህም የስክሪን ብዕር ግዛ። መስፋት ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ ስፌቴ ትንሽ ከተጣመመ አስፈትተህ እንደ አዲስ ታሰፋኝ ነበር።

ስለ ኔትወርኩም ሆነ ስለ እጅህ ለእማዬ አልነገርኳትም።

ባለቤትህንና ልጆቹን ሳምልኝ። መልስህን በቴሌግራም እንዳትልከው፣ ለልጆቹም እንዳታስጽፍ። ወረቀት ላይ፣ በራስህ እጅ ጻፈው። ረዘም አድርገው።

አክባሪ እህትህ
ማራኪ