የደምሌ ወፍጮና የእኔ ትንፋሽ

ሰኞ፣ የካቲት 24፤ ጧት

ቱቦው አፍንጫዬ ላይ ነው። በመብራት የሚሠራው የኦክስጅን ማሽኔ ያጉረመርማል። ሲስተር ከጤ/ጣቢያ መጥታ ጣቴ ላይ ቆንጥጣ የደሜን አየር ለካች፤ ፊቷ አላማረኝም። ስቀመጥ አንድ ሊትር ኦክስጅን ይበቃኝ ነበር፤ አሁን ሁለት አለች። ስንቀሳቀስ ሦስት። ሳንባህ ደክሟል አለች፣ አለስልሳ። ምን ደክሟል፣ ዱቄት በልቶታል እንጂ! ጎልማሳነቴን በሙሉ በደምሌ ወፍጮ ስፈጭ የዋጥሁት ዱቄት። ደምሌ ግን ከታመምሁ ወዲህ አንድ ቀን ደጄን አልረገጠም።

ዓርብ፣ የካቲት 28

ገበያ ነው። ከረፋድ ጀምሮ መብራቱ እንደ ኩራዝ ሆኗል። ማሽኑ ጢጢ ይላል፤ ሁለት ሊትሩን መስጠት አቅቶታል። አቀበቱ ላይ ያለው የደምሌ ወፍጮና የእኔ ቤት አንድ የመብራት መስመር ላይ ናቸው። እሱ ሲፈጭ እኔ እታፈናለሁ። የወፍጮው ድምፅ እዚህ አይሰማም፤ ማሽኔ ግን ይነግረኛል። ባለቤቴ ይታይሽ ሄዳ ለመነችው፣ ትንሽ ፋታ እንዲሰጠኝ። በገበያ ቀን ወፍጮ አይቆምም ብሎ መለሳት። ከንፈሬ ጠቁሮ ለክፉ ቀን ያስቀመጥነውን የኦክስጅን ሲሊንደር ከፈተችልኝ። ማስታወሻዬ፣ ይሄን ያዝልኝ። አልምረውም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

የአቦ ማኅበር ተራው የእኔ ነው። ይታይሽ እንዲህ ሆነህ ለሌላ ይለፍ ትላለች። እምቢ። ደምሌም ማኅበርተኛ ነው፤ ጽዋ ሊጠጣ ቤቴ መግባቱ ነው። ዘንድሮ አቦ ዓርብ ይውላል። ንግሥና ገበያ ባንድ ቀን! የፊቱን በር ዘግቶ በጓሮ እንደሚያስፈጭ አውቃለሁ፤ ስንቱን በዓል ያሻረኝ እኔን አይደል? ይምጣ። ከማሽኑ አጠገብ አስቀምጠዋለሁ። ዛሬ እህል ጣመኝ።

ዓርብ፣ መጋቢት 5፤ አመሻሽ

ደክሞኛል። ግን ልጻፍ።

ከቅዳሴ መልስ ቤቱ ሞላ። ደምሌ ነጭ ጋቢ ለብሶ መጣ። የንስሐ አባቴ ጸሎት አድርሰው ዳቦው ሲቆረስ መብራቱ ደበዘዘ። ጢጢ! ሁሉም ዞሩ። የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪያችን፣ ምን ሆነ አሉ። ትንፋሼ እየተቆረጠ፣ የደምሌ ወፍጮ ተነሥቶ ነው አልሁ። እሱ ዓይኑን ሳያሽ፣ በአቦ ቀን? ዘግቻለሁ አለ። ማሽኑ ባሰበት። ይታይሽ ወደ ሲሊንደሩ ስትሮጥ እጇን ያዝሁ። ይዩት! ዓይኔ እስኪጨልም ድረስ ደምሌን አየሁት። ከዚያ ለቀቅኋት፣ ከፈተችልኝ። ሁለት ሰዎች አቀበቱን ወጥተው ተመለሱ። ደጁ ዝግ፣ ጓሮው አህያና ጆንያ ሙሉ ነው አሉ። ደምሌ መሬት መሬት አየ። ጎሽ! አንጀቴ ራሰ።

ሰኞ፣ መጋቢት 8

ሽማግሌዎች ፈረዱ። በዓል ስለሻረ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ያስገባል፤ ዓርብ ዓርብ ወፍጮው እኩለ ቀን ላይ ይቆማል። ይሁን። ግን ታረቁ ይሉኛል። ደምሌ ድንጋይ ተሸክሞ ሊመጣ ነው አሉ። አባም መጥተው ነበር። "ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" አሉኝ። ሁለቱም አሉኝ፣ አባ፤ ቂሙም ሳሉም አልኋቸው። ሳቁ። ከዚያ ተቆጡ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 10

ሲስተር እንደገና ለካችኝ። መብራቱ ደህና ነው፣ ማሽኑም ደህና ነው። ግን ቁጭ ብዬም ሦስት ሊትር ሆነ። ከደጅ መውጣት ይቅርብህ አለች። ይታይሽ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ሰማኋት።

ለአባ መልእክት ልኬያለሁ። ደምሌ ድንጋዩን ያስቀምጥ፣ ቤቴም አይምጣ። ይቅርታውን እኔው በእግሬ አቀበቱን ወጥቼ እሰጠዋለሁ። እስከዚያ ይጠብቅ።